ሚኩ በአማርኛ ትዘፍናለች ወይ? የቮካሎይድ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጃፓን ቮካሎይድ፣ ማለትም ግጥምና ዜማ ሲሰጡት ስለሚዘፍን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጠይቁ። በተለይ ድምፅ መቅዳት ላይ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ካሁኑ ላስጠንቅቅ፦ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የማንንም ድምፅ አትውሰዱ።

ክራር፦ ሚኩ ሰው ናት?

መላሽ፦ አይደለችም። ሃትሱኔ ሚኩ ጃፓን ሳፖሮ ከተማ ያለው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ የተባለ ኩባንያ ኦገስት 31 ቀን 2007 ለገበያ ያወጣት የኮምፒውተር ፕሮግራም ናት። ሞተሩ የያማሃ ቮካሎይድ ነው። ድምፁ ግን የሰው ነው፤ ሳኪ ፉጂታ የተባለች የድምፅ ተዋናይት ናት የተቀዳችው።

ከበሮ፦ ኤአይ ናት በለና።

መላሽ፦ የ2007ቷ አይደለችም። የተቀዳ ድምፅ ተቆራርጦ ይቀጣጠላል፣ በቃ። ኤአይ የገባው አዳዲሶቹ ላይ ነው።

ዋሽንት፦ እንዲህ የገነነችው ለምንድን ነው?

መላሽ፦ ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ። በሯ ክፍት ስለሆነ ነው። ክሪፕተን ሰዎች ለትርፍ እስካላዋሉት ድረስ ምስሏን እንዲስሉ፣ እንዲያስጨፍሩ ፈቀደ። ኒኮ ኒኮ ዶጋ የሚባል የቪዲዮ ገጽ ነበር፤ የተመልካቹ አስተያየት ቪዲዮው ላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል። አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሦስተኛው በራሱ ድምፅ ይዘፍነዋል። እጇ ላይ የምታዩት ባሮ ሽንኩርትም ከአድናቂ ቪዲዮ የመጣ ነው። ዛሬ በጃፓን ስሙ የገነነው ኬንሺ ዮኔዙ በራሱ ስም ከመዝፈኑ በፊት «ሃቺ» በሚል ስም የቮካሎይድ ዘፈን ይሠራ ነበር። ዮአሶቢ የተባለው የሙዚቃ ቡድን አያሴም እንደዚሁ።

ማሲንቆ፦ መድረክ ላይ ሆሎግራም ነው አይደል?

መላሽ፦ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ ስክሪን ላይ የሚጣል ምስል ነው። ባንዱ ግን በአካል ይጫወታል።

በገና፦ ይቅርታ፣ ዘፈን ከሆድ ነው የሚወጣው። ማሽን ምን ሆድ አለው?

ክራር፦ ኪቦርድ ሲመጣስ «ባንድ ሞተ» አልተባለም? የገጠመው ሰው ሆድ አለው።

በገና፦ ኪቦርድ አይዘፍንም፣ ያጅባል። አታምታታ!

ክራር፦ ዜማውን ማን አወጣው ታዲያ?

መላሽ፦ እናንተ ሁለታችሁ፣ ይብቃ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ዋሽንት፦ ሚኩ በአማርኛ ልትዘፍን ትችላለች?

መላሽ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! የጃፓን አናባቢ አምስት ነው፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ በሏቸው። ግዕዙና ሳድሱ የሉም። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸም የሉም። ስለዚህ «ፍቅር» በላት፣ «ፉኩሩ» ብላ ትዘፍናለች። አንጀት አይበላም። ማጥበቅን ግን ታውቃለች፤ በጃፓንኛ «ሳካ» ሲላላ ዳገት፣ ሲጠብቅ ደራሲ ነው። እና «ገና» የምንጠብቀው በዓል እንዲሆን «ን»ን ለብቻዋ አንድ ኖታ ስጧት፦ ገ፣ ን፣ ና። ያኔ ይጠብቃል።

ደግነቱ ኡታው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ አለ። የራስህን ድምፅ ቀድተህ የራስህን ዘፋኝ ታበጃለህ። ካሳኔ ቴቶ የምትባለው የኮምፒውተር ዘፋኝ መጀመሪያ የዚያው የኡታው ልጅ ናት። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሀ ሁ ከቆጠርክ የምትቀዳው ዝርዝር ግማሹ እጅህ ላይ ነው።

ከበሮ፦ እና ቴቶስ ኤአይ ናት?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። የኡታዋ አይደለችም። እባክህ አንብብ።

ማሲንቆ፦ የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ ከካሴት ቆርጬ ብሠራስ?

መላሽ፦ አይሆንም! መጀመሪያውኑ ተናገርኩ። ድምፅ የሰው ንብረት ነው። በሕይወት ያለውን ጠይቅ፣ የሞተውን ተወው።

ቃጭል፦ ሙዚቃ እንዴት ልጀምር?

መላሽ፦ የቱን ሙዚቃ? በምን? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም። ለይተህ ጠይቅ።

ዋሽንት፦ እህቴ ድምፄን ቅዳው ብላ ፈቅዳልኛለች። ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ተባረኩ ሁለታችሁም። ፍሪጁን ንቀል፣ መስኮቱን ዝጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ከኋላዋ ስቀል። አንድ ኖታ ከኪቦርድ ስጣትና ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለች ከዚያ ሳትወጣ ትቀዳ። «ቀ» ላይ ስትደርሱ ከማይኩ ትንሽ ፈንጠር ትበል፣ አለዚያ ይፈነዳል። ሳድሱን ሦስት ሦስት ጊዜ ቅዳ፤ አጭር ስለሆነ ሲሳብ ይሰባበራል። የ«ቀ»ን ቤት ስትጨርሱ ላክልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።