ስሙ ከዝርዝሩ የቀረው ተከላካይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አሰልጣኝ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የመሀል ተከላካዬ አረጀብኝ። ውሉን ላድስለት ወይስ ላሰናብተው?» አለኝ። ዕድሜውን ስጠይቀው ሳቀ። «የፓስፖርቱን ነው የእውነቱን?» የእኛ አገር ኳስ መቼም እንዲህ ነው። ወዲያው አልመለስኩለትም። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ፊሽካ አንገታቸው ላይ ላንጠለጠሉ ልጆች ነው።

1994 ዓ.ም. ላይ እኔም አዲስ አሰልጣኝ ነበርኩ። ክለቡን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የምንለማመደው ጃን ሜዳ ነበር። አምበላችን አብሮኝ የተጫወተ ሰው ነው። ልጆቹ ለቀልድ «አባባ» ይሉታል። እኔን በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ጎን ለጎን ስንከላከል ኖረን ሌላ ምን ሊለኝ?

ፍጥነቱ ሄዷል፣ አልክድም። ከኋላው ኳስ ከተጣለ የ19 ዓመት አጥቂ ጥሎት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከኮርስ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ደብተር ይዣለሁ። ስንት ጊዜ እንደታለፈ እየቆጠርኩ እጽፋለሁ። ስንት ጊዜ ጮኾ ሌላውን ከስህተት እንዳዳነ የሚጻፍበት ቦታ ደብተሬ ላይ አልነበረም።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል የተጫዋቾቹን ዝርዝር ዕቃ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። የአባባ ስም የለም። አልነገርኩትም። ጠዋት መጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደገመው። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ በቀስታ፣ «ስሜን ረስተኸው ነው?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም። የምር የረሳሁ መስሎታል።

«ኮሚቴው ነው የወሰነው» አልኩት።

ኮሚቴው አልወሰነም። እንዲያውም አንድ ዓመት ይቆይ ብለው ነበር።

ዝም ብሎ አየኝ። «እሺ፣ አሰልጣኝ» አለ። እንደዚያ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ቁጭ ብሎ የታኬታውን ጭቃ በስንጥር ፈቀፈቀ። ክሩን ፈትቶ እንደገና አስተካከለው። ከዚያ ታኬታው ለተቀደደበት የግራ መስመር ተከላካያችን ሰጠውና ወጣ። ለልጁ ሰፊው ነበር። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ዓመቱን ሙሉ ተጫወተበት። እኔም ዓመቱን ሙሉ ያንን ታኬታ አየሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሜዳው ዝም አለ። «ሰው አለብህ!»፣ «ተመለስ!»፣ «ቀኝህን እይ!» የሚል የለም። በረኛው እየዞረ ያየኛል። ተተኪው ፈጣን ነበር፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። 3 ለ 0 ተሸነፍን።

ስለ ሽማግሌ ተጫዋች ሲወራ ሁሉም የካሜሩኑን አጥቂ ሮጀር ሚላን ያነሳል። እውነት ነው፣ በ1990ው (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ዓለም ዋንጫ በ38 ዓመቱ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ 4 ጎል አገባ። ካሜሩንም ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። የሰፈራችን ልጆች የልብስ ማስጫ እንጨት እንደ ማዕዘን ባንዲራ ተክለው እንደ እሱ የጎል ጭፈራ ወገባቸውን ሲያወዛውዙ ትዝ ይለኛል። ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ42 ዓመቱ ሩሲያ ላይ ሲያገባ፣ ካሜሩን 6 ለ 1 ነው የተሸነፈችው። ይሄኛውን ማንም አያነሳም።

ነሐሴ 1996 አቴንስ ላይ ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ ኃይሌን ሲፈልጉት፣ ሩጫውን አቀዝቅዘው ሲጠብቁት አይታችኋል። ኃይሌ ተረከዙን ታሞ ነበር፣ 5ኛ ወጣ። ወርቁና ብሩ የእኛ ሆኖ ሰፈሩ ሲጨፍር እኔ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነስቼ ወጣሁ። ወጣቶቹ ሽማግሌያቸውን ሲጠብቁ ማየት ከበደኝ።

ታዲያ ላሰናብተው ወይ ላልከኝ፣ ምናልባት አሰናብተው። እኔም ዛሬ ብሆን አባባን ከቋሚ አሰላለፍ ማውጣቴ አይቀርም። ግን መጀመሪያ አንድ ልምምድ ላይ ዳር አስቀምጠውና ሜዳውን አዳምጥ። ማን ነው የሚናገረው? ሜዳው ዝም ካለ፣ ውሉን አድስ፤ ባይሮጥም ወጣቶቹ አጠገብ ይቀመጥ። ስለ ጉልበትና ስለ ምግብ አልነግርህም፣ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። «ከቴሌግራም ግሩፑ ሳስወጣው ይገባዋል» አልከኝ። የዛሬ ልጆች ፊት ለፊት መነጋገር ሞት ነው የሚመስላችሁ። በር ላይ ወረቀት የለጠፈ ሰው ይህን ለማለት አፍ የለውም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ብያለሁ።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ክፍል በኩል ስገባ አባባን አገኘሁት። ሸብቷል። አቀፈኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «አሰልጣኝ፣ ኮሚቴው ደህና ነው?» አለና ሳቀ።

ከጨዋታው በኋላ ሻይ ጠጣን። ሂሳቡን የከፈለው እሱ ነው።