አረቄ በቤት ማውጣት ይፈቀድ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወዳጆቼ። «ለራስ መጠጫ የሚሆን አረቄ በቤት ማውጣት ወንጀል መሆን የለበትም» ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ግማሾቻችሁ ተስማምታችኋል። ግማሾቻችሁ ደግሞ «ሰው ልታስጨርስ ነው እንዴ?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት የመጠጥ ጥራት በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። የሕጉንም ክርክር በቅርብ እከታተላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቢራና ወይን በቤት መጥመቅ በብዙ አገር ይፈቀዳል። አረቄ ለምን ተለይቶ ተከለከለ?

ሁለት ምክንያት ይሰጣል፤ ገንዘብና ደኅንነት። ብዙ ሰው ደኅንነት የቀደመ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ከገንዘብ ነው የሚጀምረው።

ክርክሩ በጣም የጋለባትን አሜሪካን እንውሰድ። በ1791 አዲሱ መንግሥት ከጦርነት የወረሰውን ዕዳ ለመክፈል በውስኪ ላይ ቀረጥ ጣለ። የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬዎች እህላቸውን በተራራ መንገድ ገበያ ማድረስ ስለሚከብዳቸው ውስኪ አድርገው ነበር የሚሸጡት። ስለዚህ አመጹ። በ1794 ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አዘመተባቸው። ቀረጡ በ1802 ተነሣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ገንዘብ ሲያስፈልገው በ1862 ተመለሰ። በ1868 ደግሞ በመኖሪያ ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት በሕግ ተከለከለ። ዓላማው ቀረጥ እንዳይሰወር ነበር፤ ሰው ጓዳ ገብቶ መቆጣጠር ለቀረጥ ሰብሳቢ ከባድ ነውና። ዛሬ ክርክር የተነሣበት ሕግ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቢራው እንዴት ነፃ ወጣ?

በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል። 200 ጋሎን 757 ሊትር ገደማ ነው። ቀላል መጠን አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ዛሬ አሜሪካን የሞሉት ትናንሽ ቢራ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ መሥራቾቻቸው በጓዳቸው ጠምቀው የተማሩ ሰዎች ናቸው።

አረቄው ግን እዚያው ቀረ። በፌዴራል ሕጉ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ይደርሳል። ለጎረቤት ሸጠህም አልሸጥክም ለውጥ የለውም።

ጥያቄ፦ ሜታኖልስ? የቤት አረቄ ዓይን ያሳውራል ሲባል ነው ያደግነው።

ይህን ጥያቄ ከሃያ በላይ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሜታኖል ከሚጠጣው አልኮል (ከኤታኖል) ጋር የሚቀራረብ የአልኮል ዓይነት ሲሆን አደገኛ መርዝ ነው። በዚህ አልከራከርም። 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ከዚያም ያነሰው ሊያሳውር ይችላል። ጉበት ሜታኖሉን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ፎርሚክ አሲድ ጉንዳን የሚረጨው አሲድ ነው። በሰውነት ሲጠራቀም ደምን አሲዳማ ያደርጋል፣ የዓይን ነርቭንም ይጎዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ድፍድፉ ውስጥ ሜታኖል ከየት ይመጣል? ፔክቲን ከሚባል ነገር ነው። ፔክቲን በብዛት ያለው በፍራፍሬ ውስጥ ነው። ከስኳር የተጠነሰሰ ድፍድፍ የሚኖረው ሜታኖል ከምንም አይቆጠርም፤ ከእህልም የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው። ማንጠር ደግሞ አዲስ ሜታኖል አይፈጥርም። ድፍድፉ ውስጥ ያለውን ከውኃው ለይቶ ያወጣዋል እንጂ። ስለዚህ ከወይን ጠጅ የወጣ አረቄ በውስጡ ካለው ኤታኖል አንጻር የሚኖረው ሜታኖል ከወይን ጠጁ ብዙም አይለይም። ወይን ጠጁ ካላሳወረ፣ አረቄው የሚያሳውርበት ምክንያት የለም።

ሌላም አለ። ኤታኖል ራሱ የሜታኖል ማርከሻ ነው። ሁለቱም በጉበት ውስጥ በአንድ ኢንዛይም ላይ ይሻማሉ፤ ኤታኖሉ ያሸንፋል። ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት በማይገኝበት ሆስፒታል ሐኪሞች በኤታኖል የሚያክሙት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የሚወርደው ከተደፋ ሜታኖሉ ሁሉ ይወገዳል አይደል?

አይደለም። የመጀመሪያውን መድፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው ሌላ ነው። ንጹሕ ሜታኖል በ64.7፣ ንጹሕ ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። ከዚህ ተነሥቶ ሰው አንዱ አልቆ ሌላው የሚጀምር ይመስለዋል። በድብልቅ ውስጥ ግን ነገሩ እንደዚያ አይሄድም። ሜታኖል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኤታኖሉ ጋር እየተደባለቀ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ በብዛት የሚመጡት እንደ አሴታልዴሃይድና ኤቲል አሴቴት ያሉት ናቸው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያላቸው። እነሱን መድፋት ጣዕሙን ያሻሽላል።

ይህን በዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው። አንድ ሰው ምንጩ ያልታወቀ የኢንዱስትሪ አልኮል ገዝቶ «አንጥሬ የመጀመሪያውን ስደፋ ይጠራል» ካለ ይሞታል። እባካችሁ ይህን ለሌላም ንገሩ።

ጥያቄ፦ በእሳት ለኩሶ ነበልባሉን ማየትስ? ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው ይላሉ።

ውሸት ነው። ሜታኖልም በሰማያዊ ይነዳል። በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በምላስ ሜታኖልን መለየት አይቻልም። እኛ የምንለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲህ አደጋ የለውም ካልክ፣ በዜና የምንሰማቸው ሟቾች ምን ጠጥተው ነው?

አደጋ የለውም አላልኩም። አደጋው ከየት እንደሚመጣ እንለይ ነው ያልኩት።

በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ እንዳይሸጥ እስከ ማገድ ደረሰ። ምርመራው ያገኘው ለትርፍ ብለው ሜታኖል ከኤታኖል ጋር የቀላቀሉ ነጋዴዎችን ነው። በ2020 ኢራን ውስጥ አልኮል ኮሮናን ያድናል የሚል ወሬ ተነዛ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሜታኖል ያለበት መጠጥ ጠጥተው አለቁ። ኢራን ደግሞ አልኮል ለሙስሊሞች በሕግ የተከለከለባት አገር ናት። አሜሪካም ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ጊዜ፣ መንግሥት ራሱ የኢንዱስትሪ አልኮል እንዳይጠጣ ሜታኖል እንዲጨመርበት ያዝዝ ነበር። ያ አልኮል እየተሰረቀ ለጠጪ ተሸጠ። ብዙ ሰው ሞተ።

እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። መርዙ ከውጭ የተጨመረ ነው፤ መጠጡም የተሸጠ ነው። ለራሱና ለቤተሰቡ የሚያወጣ ሰው ሜታኖል ገዝቶ የሚጨምርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የምትፈራው ነገር የለም?

አለ። እሳት።

የኤታኖል እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ከአየሩ 3.3 በመቶውን ያህል ሲይዝ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። 40 በመቶ አልኮል ያለው ፈሳሽ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እሳት የሚይዝ እንፋሎት መስጠት ይጀምራል። ይህ ሞቅ ያለ ክፍል ነው እንጂ እቶን አይደለም። አንድ ጊዜ በሥራ ቦታዬ የቱቦ መገጣጠሚያ ላልቶ እንፋሎት ሲያመልጥ አይቻለሁ። ሦስት ሜትር ርቆ የነበረ ማሞቂያ ለኮሰው። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ በአፓርታማ፣ በተዘጋ ኩሽና፣ በክፍት ነበልባል የሚወጣ አረቄን እቃወማለሁ። ይፈቀድ ስል ይህ ሁሉ ይፈቀድ ማለቴ አይደለም።

ሁለተኛው እርሳስ ነው። በአሜሪካ ደቡብ በድብቅ የሚያወጡ ሰዎች የመኪና ራዲያተርን ማቀዝቀዣ ያደርጉት ነበር። ብየዳው እርሳስ አለበት። እርሳሱ ወደ መጠጡ ይገባና አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከመዳብ ወይም ከማይዝግ ብረት በትክክል የተሠራ ዕቃ ይህ ችግር የለበትም። ሰው ራዲያተር የሚጠቀመው ደኅና ዕቃ በግልጽ ገዝቶ መጠቀም ስለሚፈራ ጭምር ነው። ክልከላው ራሱ ሰውን ወደ መጥፎው ዕቃ ይገፋዋል የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፈቅዶ ያየ አገር አለ?

ኒውዚላንድ። በ1996 ለራስ ፍጆታ ማውጣትን ፈቀደች። መሸጥ አሁንም ወንጀል ነው። ዕቃው በሱቅ በግልጽ ይሸጣል፤ መመሪያው በግልጽ ይታተማል፤ የተሳሳተ ሰው በግልጽ ይጠይቃል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ መጨረሻው ነው። የሚደበቅ ሰው አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ አውሮፓስ?

ሃንጋሪ በ2010 ቤተሰብ በዓመት እስከ 50 ሊትር የፍራፍሬ አረቄ ያለ ቀረጥ እንዲያወጣ ፈቀደች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ከኅብረቱ የቀረጥ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደባት። ክርክሩ ስለ ጤና አልነበረም፤ ስለ ቀረጥ ነበር።

ቼኮች ሌላ መንገድ አላቸው፤ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ቤት ውስጥ ማውጣት አይፈቀድም። ሰው ግን የራሱን ፍራፍሬ ጠንስሶ ድፍድፉን ፈቃድ ወዳለው ማውጫ ይወስዳል። ባለሙያው ያወጣለታል፣ ቅናሽ ያለው ቀረጥ ይከፍላል፣ የራሱን አረቄ ይዞ ይመለሳል። እሳቱም ቀረጡም መላ አገኘ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ መፍቀድ የሚከብደው አገር ቢያንስ ይህን ይሞክር።

ጥያቄ፦ የቴክሳሱ ፍርድ ምን ነበር?

በቤት አረቄ ማውጣት የሚፈልጉ ሰዎች ያሉበት የሆቢ ዲስቲለርስ ማኅበርና አባላቱ የአሜሪካን መንግሥት ከሰሱ። በሐምሌ 2024 ዳኛ ማርክ ፒትማን በቤት ማውጣትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ኮንግረሱ ከተሰጠው ሥልጣን ውጭ ነው ብለው ፈረዱ። ቀረጥ የመጣል ሥልጣን፣ ሰው በቤቱ ምን እንደሚሠራ እስከ መከልከል አይደርስም ነው ነገሩ። ፍርዱ የጠቀመው ከሳሾቹን ብቻ ነበር። መንግሥትም ይግባኝ ጠየቀ። እኔን ደስ ያለኝ፣ ስለ መርዝ ሲባል የኖረው ክልከላ ፍርድ ቤት ሲደርስ መከላከያው ቀረጥ መሆኑ በግልጽ መታየቱ ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ገቢ አያጣም?

ትንሽ ያጣል። የአሜሪካ የፌዴራል ቀረጥ ለአንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 40 በመቶ ጠርሙስ ሁለት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ባለ 10 በመቶ 20 ሊትር ድፍድፍ፣ ምንም ሳይባክን፣ ከ5 ሊትር የማይበልጥ ባለ 40 በመቶ አረቄ ይወጣዋል። ለዚህ ሰውን 5 ዓመት ማሰር ሚዛን የለውም። የሚሸጠውን ግን በጥብቅ ይቅጡት፤ አብሬያችሁ እቆማለሁ።

ጥያቄ፦ ባሌን በመጠጥ አጥቻለሁ። አንተ ደግሞ በየቤቱ ይውጣ ትላለህ። እንዴት አስችሎህ?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽን ሦስት ቀን ይዤው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ለጤና የማይጎዳ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ካንሰር አምጪ መሆኑም ከ1988 ጀምሮ በይፋ ተመዝግቧል። በቤት የወጣውም በፋብሪካ የወጣውም በዚህ እኩል ናቸው። መጠጥ ለያዘው ሰው ደግሞ አረቄው እጁ ሥር መሆኑ ያከፋበታል። ይህን ክደሽ አስቢ ልልሽ አልችልም። ከእኔ ወገን ሆነው የሚከራከሩት ይህን ሲዘሉት እኔንም ያመኛል።

የማምነው ይህን ነው። ባልሽን ያገኘው ችግር ሐኪም፣ ጊዜና ሰው ይፈልጋል። እስር ቤት ግን ለማንም ጠጪ መድኃኒት ሲሆን አላየሁም። ሕጉ ሲሻሻል የመጠን ገደብ ይኑረው፣ ልጆች ባሉበት ክፍል አይሁን፣ ከሚሸጠው መጠጥ የሚሰበሰበው ቀረጥም ለሕክምና ይዋል። ካልተስማማሽ አልቀየምም። ከእኔ በላይ የከፈልሽው አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ካለኝ ለመዓዛ ዘይት ልጠቀምበት እችላለሁ?

በብዙ አገር አዎ፤ የሚከለከለው አረቄው ነው። ግን ዕቃውን ማስመዝገብ የሚያስገድዱ አገሮች ስላሉ መጀመሪያ የአገርህን ሕግ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው አጠራጣሪ መጠጥ ጠጥቶ ዓይኑ ቢደበዝዝ ምን እናድርግ?

አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት። «ይተኛ፣ ስካሩ ይለፍለት» አትበሉ። የሜታኖል ምልክት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ሰውዬው ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ሊታወር ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ በጉም ውስጥ እንደሚያይ መሆን ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። የተረፈውን መጠጥ ከነጠርሙሱ ይዛችሁ ሂዱ። አብረውት የጠጡትንም፣ ምንም ባይሰማቸው፣ አስከትሏቸው። ቤት ውስጥ ሌላ አልኮል እያጠጣችሁ ላክም አትበሉ፤ መጠኑን የሚለካው ሐኪም ነው። ከየት እንደተገኘ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት።

የቀሩት ጥያቄዎች ስለ ወይን ጠመቃ ስለሆኑ ለብቻ እመለስባቸዋለሁ።