ከሰው ጋር ንፉ

ፍሉትም (የፈረንጆቹ ዋሽንት) ይሁን ሌላ መሣሪያ ይዛችሁ፣ በራችሁን ዘግታችሁ ብቻችሁን ለምትለማመዱ ልጆች።

ባለፈው እሁድ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ኮንሰርት ነበረን። 14 ፍሉት ነፊዎች ነን፤ ጡረታ የወጣም ተማሪም አለን። ፕሮግራሙ በሙሉ የአሜሪካ ሙዚቃ ነበር። እኔ ቤዝ ፍሉት፣ ትልቁንና ድምፁ ወፍራም የሆነውን፣ ነው የምነፋው። ሲያልቅ አንድ የ19 ዓመት ሀበሻ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እኮ ብቻዬን በላፕቶፕ ልሠራው እችላለሁ" አለኝ። ለመናቅ አልነበረም። ይሄን ያህል ለምን እንደምንደክም ገርሞት ነው። እቃ እያነሳን ስለነበር ደህና መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። አሁን ለእሱም ለእናንተም ልመልስ።

መጀመሪያ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ከተጫወትናቸው ሥራዎች አንዱ የሙዚቃ ደራሲው የስቲቭ ራይክ "ቨርሞንት ካውንተርፖይንት" ነበር። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። 11 ክፍል አለው፤ ሦስት ፒኮሎ (ትንሿ ቀጭን ድምፅ ያላት ፍሉት)፣ ሦስት ፍሉት፣ ሦስት አልቶ ፍሉት (ከተለመደው ፍሉት ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው)፣ ከዚያ ሁለት ሶሎ፣ ማለትም ጎልቶ የሚወጣ የብቻ ክፍል። አንድ ሰው አስሩን ክፍል ራሱ ቀድቶ 11ኛውን መድረክ ላይ ከቴፑ ጋር እንዲጫወት ታስቦ የተሠራ ነው። ዛሬ በላፕቶፕ የምትሠሩትን የዚያን ጊዜ ሙዚቀኞች በቴፕ ሠርተውታል ማለት ነው። ግን 11 ሰው ተሰብስቦም ሊጫወተው ይችላል። እኛ ይሄኛውን መረጥን።

ከባድ ነው። አጭር ዜማ ይደጋገማል፣ ሌላው ያንኑ ዜማ ጥቂት ምት ዘግይቶ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ በእነሱ ላይ ይደርባል፣ ትንሽ ቆይቶ የቱ የአንተ ድምፅ እንደሆነ ራሱ አይለይም። መጀመሪያ የተጫወትኩት ጊዜ፣ ብዙ ዓመት ሆነው፣ ሁለተኛ አልቶ ነበርኩ። መሃል ላይ ቦታዬ ጠፋኝ። ጣቶቼ ይሄዳሉ፣ ስንተኛው ድግግሞሽ ላይ እንዳለን ግን አላውቅም። ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞራ አላየችኝም፤ ማየትም አትችልም፣ እሷም እየነፋች ነው። ክፍሉ ሊቀየር ሲል ብቻ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ፣ እንድሰማው አድርጋ አየር ሳበች። በዚያ ትንፋሽ ተመልሼ ገባሁ። ቴፕ ቢሆን ኖሮ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ይሄ የመጀመሪያው መልሴ ነው። ሁለተኛው ቅኝት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላቆያችሁ።

ወጣት ሳለሁ በቱነሬ፣ ቅኝት ልክ መሆኑን በመርፌ በሚያሳየው መሣሪያ፣ የምኮራ ሰው ነበርኩ። መርፌው መሃል ላይ ከቆመ ልክ ነኝ፣ የተበላሸው ሌላው ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ መሪያችን መጥቶ ቱነሬን ከኖታ ማስቀመጫው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ተናደድኩ። ለሳምንታት ተናድጄ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሉት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ጠንክራችሁ ስትነፉ ከፍ ይላል፣ ለስለስ ስታደርጉት ይወርዳል። ፒኮሎ 32 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል። በጣም ወፍራም ድምፅ ያለው ኮንትራባስ ፍሉት ግን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ቱቦ ነው፣ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ 14 ሰው ኮንሰርቱን በጀመረበት ቅኝት አይጨርስም። ሁሉም ተንሸራቶ በሰከንድ 442 ንዝረት ላይ ሲደርስ አንተ 440 ላይ ሙጭጭ ካልክ፣ መርፌው ምንም ይበል፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ። ይሰማልም፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ድምፁ ዋው ዋው እያለ ይርገበገባል። የሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ መደበቂያ የለም። ቫዮሊንና ትራምፔት ቢኖሩ ኖሮ ይሸፍኑት ነበር።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ጓደኛ ጥሩ፣ አንድ ሰው ይበቃል። እሱ አንድ ድምፅ ይያዝ፣ እናንተ ያንኑ ድምፅ ንፉና መርገብገቡ እስኪጠፋ ቀስ እያላችሁ ተጠጉት። ከዚያ ተቀያየሩ። ይሄን በላፕቶፕ መልመድ አይቻልም፤ የተቀዳ ድምፅ አይጠጋችሁም፣ ሁልጊዜ የምትጠጉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ከሄንሪ ብራንት "ኤንጅልስ ኤንድ ዴቭልስ"ም ተጫወትን። አንድ ሶሎ ፍሉት፣ ከኋላው አሥር ፍሉትና ፒኮሎ። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲጽፈው ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ወጣቶች ናችሁና ይሄን ብታውቁ ደስ ይለኛል። መዝጊያው ላይ ጆን ፊሊፕ ሱዛ እ.ኤ.አ. በ1896 የጻፈውን ማርሽ፣ "ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ፎርኤቨር"ን፣ ተጫወትን፣ ፒኮሎዎቹ እንደ ልማዱ ቆመው ነፉ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ።

እኔ ግን ልቤ የቀረው የሳሙኤል ባርበር "አዳጂዮ" ላይ ነው። ለክር መሣሪያዎች የተጻፈ ነው። ማሲንቆ መቺ ቀስቱን ሲመልስ ድምፁ እንደማይቆረጥ፣ ይሄም ዜማ አይቆረጥም። እኛ ግን ሰዎች ነን፣ መተንፈስ አለብን። መፍትሔው ተራ በተራ መተንፈስ ነው። ጎረቤትህ ሲተነፍስ አንተ ትይዛለህ። ሁሉም ሰው መተንፈስ የሚፈልግበት ቦታ ላይ አትተነፍስም። ስትመለስ ደግሞ ማንም ሳይሰማህ፣ በቀስታ ትገባለህ። ሕዝቡ አንድ የማያልቅ ትንፋሽ ይሰማል። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ያለው ሰው የለም። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እዚያ ውስጥ ስቀመጥ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

በእኛ አገር ዋሽንት የእረኛ መሣሪያ ነው፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚነፋው። ያንን ብቸኝነት እወደዋለሁ፣ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል ግብፅ የተወለደ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ ዋሽንት ነፊውን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ደርዳሪው ጋር አንድ ላይ አስቀመጣቸው። እነዚያ ሰዎች እርስ በርስ ለመስማማት ምን ያህል እንደለፉ ሳስበው እንደ ታላላቅ ወንድሞቼ አያቸዋለሁ።

የእሁዱ ልጅ ስልክ ቁጥሬን ወስዷል። ልምምዳችን ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛ አልቷችን ወደ ቴክሳስ ስለሄደች ወንበሯ ባዶ ነው፤ አልቶ ፍሉት ከሌለው እኛ ጋ ትርፍ አለ። እርሳስ ይዞ ይምጣ።