ኖክ ሴንሰሩን ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ኮሮላዬ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ቼክ ኢንጅን በርቶ ፒ0325 የሚል ኮድ ወጣ፤ ኖክ ሴንሰሩን ልቀይር?» ላልከው፣ ገና ነው፤ አትቀይር።

ሴንሰሩ ሞተሩ ብሎክ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል ንዝረት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ያለ አግባብ ሲፈነዳ (ሞተር ይንኳኳል የሚባለው ይሄ ነው) ብሎኩ በሴኮንድ ከ5,000 እስከ 8,000 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ለይቶ የካንዴላውን እሳት ትንሽ ያዘገያል። ያንተ ኮድ ግን ሞተሩ ይንኳኳል ማለት አይደለም፤ የሴንሰሩ ሲግናል ልክ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ ሲል እሳቱን አዘግይቶ ይይዛል። ጉልበቱን የሚበላብህ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ እይ። ዘይት ገብቶበታል? ፒኑ አረንጓዴ ሆኗል? ሽቦውን እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ በቴስተር አስለካው። አጠባበቁንም አትናቀው፤ ከላላ ወይም ከልክ በላይ ከጠበቀ ሴንሰሩ በትክክል አይሰማም። መሀሉ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በ20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው የሚጠብቀው፤ መቀመጫውም ከዝገት የጸዳ ይሁን።

ሽቦው ደህና ሆኖ፣ ኮዱ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ቀይረው። ኪሎሜትር ተቆጥሮ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ከፈረሰ መኪና የወጣ አትግዛ፤ እሱም ካልሠራ ለመፍታት የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ ሁለቴ ያስወጣሃል።

በጆሮህ መንኳኳት የምትሰማ ከሆነ ግን ራዲያተሩን፣ ካንዴላውንና ቤንዚኑን አስፈትሽ። አዳማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ሞተር አዳማ ላይ ቶሎ ይንኳኳል።