ቤል ኤንድ ሰባስቲያንን ከየት ልጀምር ላልሽው

ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የሚባሉት የስኮትላንድ ባንድ ሬዲዮ ላይ ብዙም ሳይሰሙ እንዴት ታወቁ፣ ከየትኛውስ አልበም ልጀምር ነው ያልሽው አይደል?

ነገሩ የሚጀምረው ከህመም ነው። መሪያቸው ስቱዋርት መርዶክ ሥር በሰደደ የድካም ህመም ለዓመታት ቤት ውሏል። ዘፈን መጻፍ የያዘውም ያኔ ነው። ባንዱ ግላስጎ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። እዚያው ከተማ ስቶው ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ነበር፤ የሙዚቃ ቢዝነስ ተማሪዎቹ ነጠላ ዜማ የሚያሳትሙበት የራሳቸው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ነበራቸው። እነ መርዶክ ለአንድ ነጠላ ዜማ የሚበቃ ሳይሆን ሙሉ አልበም የሚሞላ ሥራ ይዘው ከች አሉ! ይህ የመጀመሪያ አልበማቸው «ታይገርሚልክ» የታተመው በ1,000 ሸክላ ብቻ ነው። ሸክላው ብርቅ ሆነ፣ ዋጋው ጣራ ነካ። ያላገኘ ካሴት ላይ እያስቀዳ ሰማ። በ1999 ነው እንደገና የታተመው።

ቃለ መጠይቅም ፎቶም አይወዱም ነበር። ሰው ይበልጥ ጓጓ። በ1999 በአድማጮች ድምፅ ብሪት የሚባለውን የብሪታንያ የሙዚቃ ሽልማት በአዲስ ባንድ ዘርፍ ሲወስዱ፣ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ «እነማን ናቸው ደግሞ?» አለ።

ከዚያ የባንዱ አባላት ተቀያየሩ። ስቱዋርት ዴቪድ በ2000፣ ኢዞቤል ካምቤል በ2002 ለቀቁ። በ2003 ታዋቂው ፕሮዲውሰር ትሬቨር ሆርን ድምፃቸውን አደመቀው። አንዳንዱ አድናቂ ቅር ብሎታል፤ እኔ ግን ተመችቶኛል። እስከ 2023 ድረስ አዳዲስ አልበም አውጥተዋል።

አንቺ ግን በ1996 መጨረሻ ከወጣው ሁለተኛው አልበማቸው ጀምሪ። ጸጥ ያለ ነው፣ ግጥሙ ግን ይነክሳል። ጭፈራ ካማረሽ የ2006ቱን ሞክሪ።