ከማመልከቻው በፊት

ይድረስ አያት፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ለምትኖሩ ልጆች፤ በተለይ ደግሞ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ለምትፈልጉ።

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሰፈር ልጆች ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ። «ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» ይሉኛል፤ ደስ እያለኝ አያለሁ። ሰሞኑን የመጣችው የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። ክረምቱን ሙዚየም ውስጥ ማገልገል ፈልጋለች። ማመልከቻዋ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ለሳይንስ ከፍተኛ ፍቅር ያላት መሆኗ ይዘረዘራል። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ስሟን አውጥታችሁ የሌላ ልጅ ስም ብታስገቡበት ምንም አይጎድለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያነብ ሰው ማንን እንደሚመርጥ በምን ያውቃል?

«ፍቅሩን ለጊዜው ተይው፤ ይልቅ አንድ ነገር ለሰው ያስረዳሽበትን ቀን ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና የአያቷን ነገር አነሳች።

አያቷ ከድሬዳዋ ነው የመጡት። እዚህ ክክ አልበስል ብሏቸው «የእናንተ አገር እሳት አይረባም» ይላሉ። ልጅቷ ጥፋቱ የእሳቱ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። እኛ ያለንበት ከፍታ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል እዚያ 96 አካባቢ ይደርሳል። ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። አያቷ ግን አልተዋጠላቸውም። «እየተንተከተከ እንዴት አይሞቅም?» አሉ። በቃላት ብቻ እንደማይሆን ሲገባት ከጎረቤት በግፊት የሚያበስል ድስት ተውሳ መጣች። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ሲጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ክኩ ቶሎ በሰለ። አያቷ ወዲያው «ታዲያ እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰውማ ምን ሊውጠው ነው?» ብለው ጠየቁ። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አያቷ ራሳቸው አስበው ነገሩ ላይ ደረሱ ማለት ነው።

«ይሄን ነው የምትጽፊው» አልኳት። የአያቷን ክርክር ሳታስቀር።

ይሄን የምለው ሙዚየም ምን እንደሚጎድለው ስለማስብ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለው፣ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተከፈተው ሳይንስ ሙዚየም ስክሪንም ሮቦትም አለው። ጎብኚው ግን አንዳንዴ ስክሪኑን መንካት ይፈራል። «ብሳሳትስ፣ ባበላሸውስ» ይላል። ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት ልጁ ፊት አላውቅም ማለት ይከብደዋል። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት አጠገባቸው ቆሞ «ምን ይመስልሃል?» የሚላቸውን፣ ጠይቆም የሚጠብቀውን ነው። መጠበቁ ነው ከባዱ። ክፍል ውስጥ ዘወትር ያየሁት ነገር ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ጓደኛው እስኪያስብ አይታገስም፣ መልሱን ያፈነዳዋል። እባካችሁ እሱን አትሁኑ።

እውነቱን መናገርም አለ። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽን ያየ ሰው «ይሄ ራሱ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዓመታት ለጎብኚ ሲታይ የኖረው ቅጂ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ቦታ የተገኘው ዋናው አጥንት ተጠብቆ ይቀመጣል። ጎብኚው እንዳይከፋው ብላችሁ ነገሩን አትሸፋፍኑ። ቅጂ ነው በሉት፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አጥንት ለምን በጥንቃቄ እንደሚያዝም አስረዱት። የማታውቁትን ሲጠይቃችሁም «እኔም አላውቀውም፣ ና ባለሙያውን እንጠይቅ» በሉ። እንዲህ የሚል ልጅ በጣም ያስደስተኛል።

አሁን አንድ መልመጃ ልስጣችሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ አንዴ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 23 ገደማ። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛ የሚያዝያው ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ ዱላ በቱንቢ አስተካክላችሁ አቁሙ። ኳስ የሚጫወቱትን ሕፃናት ጥሩ። ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ለምን? ሰዓታችን የሚሰላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ እኛ ያለነው 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ከ2,200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለው ሊቅ፣ አስዋን ላይ ጥላ በሚጠፋበት ቀን እስክንድርያ ላይ ያለውን ጥላ ለክቶ የምድርን ዙሪያ አስልቷል። ይሄን ግን መጀመሪያ አትንገሯቸው። መጀመሪያ «ጥላው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁና የሚሉትን ስሙ። የሚሉትን ጻፉት። አንዱ ሕፃን የሚለው ነገር ለማመልከቻችሁ ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቀሪው ብዙ አልልም። በአካል ሄዳችሁ በጎ ፈቃደኛ ይቀበሉ እንደሆነ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሳይንስ ሙዚየም ብቻ አትበሉ፤ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውንም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ብሔራዊ ሙዚየምንም ሞክሩ። ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። የምትችሉትን ቀን ብቻ ጻፉ። ከአራብሳ ተነስቶ፣ መገናኛ ተሰልፎ፣ አራት ኪሎ በሰዓቱ መድረስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሳምንት አምስት ቀን ብሎ ከመቅረት፣ ሁለት ቀን ብሎ መገኘት ይሻላል። ሳይመሽ ወደ ቤት መመለስ እንዳለባችሁም ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በግልጽ ጻፉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የምስክር ወረቀት መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ የደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ግን አይሁን።

መልስ ከዘገየ ተመልሳችሁ በትህትና ጠይቁ። ካልተቀበሏችሁ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ላቦራቶሪ ሂዱ። ተቆልፎ አቧራ የጠጣ ላቦራቶሪ ብዙ አይቻለሁ። የሳይንስ መምህራችሁን ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፍትላችሁ ለምኑት፤ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስባችሁ ከአንድ ማግኔትና ከአንድ ባትሪ ጀምሩ። ለዚህ ማመልከቻ አያስፈልግም። መምህሩ እንቢ ካለ እኔ አናግርላችኋለሁ።