ለተረከዝ ሕመም የሚሆን የቤት ውስጥ ጫማ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ዓመት ሲሆን የምኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ መሬት ስረግጥ ቀኝ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ ያህል ያመኛል። ጥቂት ከተራመድሁ በኋላ ቢተወኝም ቡና አፍልቼ ከዱካው ስነሣ ይመለስብኛል። የቤታችን ወለል ሴራሚክ ነው፤ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ልማዳችን ስለሆነ ቤት ውስጥ የምውለው በስስ ነጠላ ጫማ ነው። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ስላሉኝ በጣም ለስላሳ ስሊፐር ገዛሁ፤ ሆኖም ለውጥ አላገኘሁም። ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?

መልስ፦ ከእንቅልፍ በኋላ ወይም ለረጅም ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚበረታና ሲራመዱ ረገብ የሚል የተረከዝ ሕመም፣ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይተስ የሚሉት ሕመም ዋነኛ መለያ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ፣ የውስጥ እግርን ቅስት ደግፎ የሚይዝ ጠንካራ የጅማት ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ ከአቅሙ በላይ ጫና ሲበዛበት ከተረከዙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ይጎዳል። በእንቅልፍ ሰዓት እግራችን ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያርፍ ጅማቱ ተሰብስቦ ያድራል፤ ጠዋት የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ግን በአንድ ጊዜ ይለጠጣልና ያ የሚያውቁት ሕመም ይሰማዎታል። ስለዚህ ዋናው መንስኤ ብርድ ሳይሆን ጫና ነው። በጠንካራ ወለል ላይ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ የሰውነት ክብደት መጨመር፣ የባት ጡንቻ መኮማተርና ድጋፍ የሌለው ጫማ ይህን ጫና ያባብሱታል።

ለስላሳው ስሊፐር ያልጠቀመዎት ለዚህ ነው። ስፖንጁ እግር ሲያርፍበት ደስ ቢያሰኝም በክብደት ተጨፍልቆ ስለሚሟሽሽ ቅስቱን የሚደግፍለት ነገር አያገኝም። በዚያ ላይ ከኋላው ክፍት የሆነ ጫማ እንዳይወልቅ በየእርምጃው በጣቶቻችን ጨብጠን ስለምንይዘው የታመመው ጅማት ዕረፍት ያጣል። በእኛ እምነት በዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተሻለውን ጫማ ለመንገድ አስቀምጦ፣ ምጣድ ፊት ቆሞ የሚጋግርበትንና ከማድ ቤት ሳሎን የሚመላለስበትን ረጅም ሰዓት ግን በስስ ሸበጥ ያሳልፈዋል።

ጫማውን ከመግዛትዎ በፊት በእጅዎ ይፈትኑት። በመጀመሪያ የተረከዙን የኋላ ግድግዳ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ በቀላሉ የሚተኛ ከሆነ ተረከዝዎን አይዝልዎትም። ቀጥሎ ጫፉንና ተረከዙን ይዘው ለማጠፍ ይሞክሩ፤ ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። በሁለት እጅ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠመዝዙትም ሊታገልዎት ይገባል። ውስጡን ሲዳስሱ በመሃል እግር በኩል ጠንከር ያለ ከፍታ፣ በተረከዙ በኩል ደግሞ ተረከዝን አቅፎ የሚይዝ ጎድጎድ ያለ ማረፊያ ቢኖረው ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ ልሙጥ ከሆነ ጫማ ይልቅ ተረከዙ ከፊቱ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሻላል፤ የባትን ጡንቻና የተረከዝን ጅማት ጫና ይቀንሳልና። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ግዢውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉ፤ ሁለቱንም እግር ለክተው፣ ቆመውና ተራምደው ይዩት።

መርካቶ ሲገበያዩ ከሰልቫጅ ጫማ ቢጠነቀቁ እንመክራለን፤ ስሙ የታወቀ ቢሆንም እንኳ ሶሉ በሌላ ሰው አረማመድ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና። ከዚህ ይልቅ አዲስ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ ቀላል ስፖርት ጫማ ወይም ከኋላው ማንገቻ ያለው ጠንካራ ሰንደል ገዝተው ለቤት ብቻ ያድርጉት። ወደ ውጭ እስካልወጡበት ድረስ ወለሉን አያቆሽሽም፤ ልማዳችሁም አይጣስም። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ያለዎት ጫማ ጥሩ ከሆነ ከውስጡ የሚገባ ቅስት ደጋፊ ንጣፍ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉ መድኃኒት ቤቶችና የሕክምና ዕቃ መደብሮች ይጠይቁ። ድጋፉን እግር እስኪለምደው መጀመሪያ በቀን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብቻ ማድረግ፣ ከዚያም እየጨመሩ መሄድ ይገባል። ጫማው ከአልጋዎ ሥር ይደር፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ መሆን የለበትም።

ጫማ ብቻውን አያድንም። ከአልጋ ሳይወርዱ ጣቶችዎን በእጅዎ ወደ ራስዎ ስበው የውስጥ እግርዎን ያሳስቡ፤ ቀን ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ባትዎን ያፍታቱ። ማምሻውን በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝም ሕመሙን ያስታግሣል። በራጅ «አጥንት በቅሏል» ቢባሉ አይደንግጡ፤ ይህ ዓይነቱ ትርፍ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይታያል። አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና በወራት ውስጥ፣ ዘግይቶም በ1 ዓመት ገደማ ይሻለዋልና በትዕግሥት ይቀጥሉ። ተረከዝዎ ካበጠና ከቀላ፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚያሠቃይዎ ከሆነ፣ ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከጀመረዎት ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ይይዎት።

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እግሬን አያመኝም እያሉ ቤት ውስጥ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። እሳቸውም ጫማ ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ እጅግ ያስፈልጋቸዋል። የስኳር ሕመም የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ስሜት ስለሚጠፋ ሰው ስለት ቢወጋው ወይም ፍም ቢረግጥ እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሕመም አለመሰማቱ ሊያሳስብዎት ይገባል። በጣቶች መካከል የሚገባ ነጠላ ጫማ ያቁሙላቸውና ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ዝግ ጫማ በካልሲ ያድርጉ። ሁልጊዜ ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን በእጅ ይፈትሹ፤ ጠጠር ወይም የተጣጠፈ ንጣፍ ለቁስል ይበቃል። ማታ ማታ የውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል በብርሃን ይዩላቸው፤ ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም የቀለም ለውጥ ካገኙ ትንሽ ነው ሳይሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።